በአራት አሮጌ ስልክ ራሱን እየቀያየረ የሚሄድ የድምፅ ድባብ አሠራር፦ ሐረር ላይ ከመቅዳት እስከ መድረክ

ከሐረርም ከድሬዳዋም ሙዚቃ የሚሞክሩ ልጆች አንድ ጥያቄ ደጋግመው ያመጡልኛል፦ «ሲንተሳይዘር የለኝም፣ ጠንካራ ላፕቶፕም የለኝም፤ ይሄን ራሱ እየተለዋወጠ ለሰዓታት የሚሄደውን የኤሌክትሮኒክ ድምፅ በምን ልሥራው?» መልሴ ሁልጊዜ አንድ ስለሆነ ሙሉውን እዚህ ጻፍኩት። ቤት ውስጥ የተቀመጡ አሮጌ ስልኮች ይበቃሉ። ስክሪናቸው የተሰነጠቀም ይሆናል፣ ድምፅ ካወጡና ፋይል ካጫወቱ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አራት ስልክ ላይ አራት የተለያዩ ድምፆች ትጭናላችሁ፤ እያንዳንዱ ስልክ የራሱን ድምፅ ሳያቋርጥ ይደጋግማል። ይህን ተደጋጋሚ ድምፅ ሉፕ እንለዋለን። የአራቱ ሉፕ ርዝመት ስለሚለያይ በየዙሩ የሚገናኙበት ቦታ ይቀያየራል፤ ስለዚህ የምትሰሙት ጥምረት አዲስ ነው። እናንተ ደግሞ በዚያ ላይ እዚያው እየፈጠራችሁ ትጫወታላችሁ። ሥራው የቆመው በሁለት ነገር ላይ ነው፦ በሉፖቹ ርዝመትና በውስጣቸው በምትተዉት ዝምታ። ስልኩም፣ ስፒከሩም፣ የቀዳችሁት ድምፅም በሌላ ሊተካ ይችላል፤ እነዚህ ሁለቱ ከተበላሹ ግን ውድ ዕቃ አያድነውም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ድምፅ ማጫወት የሚችሉ አራት ስልኮች። የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ያላቸው ቢሆኑ ይመረጣል።
• ለመቅዳት አንድ ደህና ስልክና ዌቭ (WAV፣ ድምፁን ሳይጨምቅ የሚያስቀምጥ) ፋይል የሚያወጣ የመቅጃ አፕ።
• ኦዳሲቲ የሚባለው የድምፅ መቁረጫና ማስተካከያ ፕሮግራም የተጫነበት ማንኛውም ኮምፒውተር። ነፃ ነው፣ አሮጌ ማሽን ላይም ይሠራል። የእናንተ መሆን የለበትም፤ የጓደኛ ወይም የኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተር ለአንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። ጭራሽ ካልተገኘ መቁረጥ፣ ዝምታ መጨመርና ፌድ ማድረግ (ድምፁን ቀስ በቀስ ማስነሣትና ማሳሳት) የሚችል የስልክ አፕ ተጠቀሙ።
• የጆሮ ማዳመጫ፤ ጆሮን ሙሉ የሚሸፍን ቢሆን ጥሩ ነው።
• ከማሸጊያ ወይም ከአሮጌ ትራስ የተቆረጠ ስፖንጅ፣ ጥቂት ላስቲክ።
• ሚክሰር (የብዙ ምንጮችን ድምፅ የሚያዋህድ መሣሪያ) ካላችሁ፣ አራት ኬብል፦ በአንድ ጫፍ ትንሹ የስልክ ጃክ፣ በሌላው ሁለት ትልልቅ ሞኖ ጃኮች ያሉት።
• ሚክሰር ከሌላችሁ፣ በገመድ የሚሠሩ ትንንሽ ስፒከሮች፣ ወይም የስልኮቹ የራሳቸው ስፒከር። ለዚህ ሁለተኛ መንገድ ከታች ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥቼዋለሁ፣ ምክንያቱም ለሐረር ቤቶች ከመጀመሪያው የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ።
• ወረቀትና እስክሪብቶ።

ደረጃ 1፦ አራት ድምፅ ምረጡ

አራቱም አንድ ዓይነት ባሕርይ ካላቸው ተደራርበው ጭቃ ይሆናሉ። ስለዚህ አንዱ ረጅምና የተሳበ፣ ሁለተኛው አጭርና የሚንኳኳ፣ ሦስተኛው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚንሸራተት፣ አራተኛው ሸካራ ይሁን። ጆሮ አራት ነገር ለይቶ መከተል የሚችለው የየራሳቸው መልክ ሲኖራቸው ነው።

ሐረር ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ለሚንኳኳው መኪና ግርግር አለላችሁ፤ መንገዱ ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። አንድ ሰፊ መርገጫውን ሲረግጥና ሲለቅ ፍጥነቱ ስለሚወጣና ስለሚወርድ አንድ ደቂቃ ቅጂ ውስጥ ብዙ ዓይነት ምት ታገኛላችሁ። ለረጅሙ ድምፅ የብረት በር ማጠፊያ፣ የውሃ በርሜል ጠርዝ በእርጥብ ጣት ሲሻሽ፣ ወይም በአሮጌ ፔጆ ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ የሚሰማ የሞተር ድምፅ ይሆናል። ለሸካራው ከሸዋ በር ገበያ እህል ሲሰፈር፣ ቡና ሲቆላ፣ ማሽላ ሲበጠር። ለሚንሸራተተው የጅብ ጩኸት ተወዳዳሪ የለውም፤ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ እየተሳበ ይወጣል።

ድሬዳዋ ያላችሁ፣ ለሚንኳኳው የከፊራ ገበያን፣ ለተሳበው ዳገት ላይ የሚያቃስት ባጃጅን፣ ለሸካራው ደረቁ የደቻቱ አሸዋ ላይ የሚረግጥ እግርን መጠቀም ትችላላችሁ።

ደረጃ 2፦ ቅዱ

መጀመሪያ አስፈቅዱ። ሰፊው ዘንድ ሄዳችሁ «ጋሼ፣ የመኪናዎን ድምፅ ለአንድ ደቂቃ ልቅዳ? ንግግር አልቀዳም» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ካልፈቀዱ አመስግናችሁ ቀጣዩን ጠይቁ። ሳያስፈቅዱ ከቀዱ በኋላ በመድረክ የሰው ድምፅ ሲወጣ ጠብ ነው፣ ተገቢም አይደለም።

ከዚያ ስልኩን ኤሮፕሌን ሞድ ላይ አድርጉ፤ ጥሪ ቅጂውን ያቋርጣል፣ የኔትወርክ ምልክቱም አንዳንዴ «ድ-ድ-ድ» የሚል ድምፅ ያስገባል። የመቅጃ አፑን ዌቭ፣ 44,100 ኸርዝ፣ 16 ቢት ላይ አስተካክሉ። ኤምፒ3 ለማዳመጥ ጥሩ ነው፤ ለሉፕ ግን ፋይሉ መነሻና መጨረሻ ላይ ትንሽ ባዶ ስለሚጨምር የሰጣችሁትን ርዝመት ያዛባዋል፣ ፍጥነቱን ስትቀንሱለትም ጉድለቱ ይሰማል። ስቴሪዮ ዌቭ (ግራና ቀኝ ለየብቻ የተቀዳ) በደቂቃ 10 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል፣ ሞኖው (አንድ ቻናል ብቻ ያለው) ግማሹን። በሞኖ ቅዱ፤ የአሮጌ ስልክ ማስቀመጫ ትንሽ ነው።

የማይኩን ቀዳዳ በስፖንጅ ሸፍናችሁ በላስቲክ እሰሩት። ነፋስ ማይክ ላይ ሲመታ የሚፈጥረው ጉርምርምታ በኋላ ሙሉ በሙሉ አይወጣም። ጀጎል ውስጥ ከሆናችሁ ወደ ጠባቡ መንገድ ግቡ፤ ግራና ቀኝ ያለው ግንብ ነፋሱን ይከለክላል። ስልኩን በእጃችሁ አትያዙት፤ የጣት መሻሸት ከሩቅ ድምፅ ይልቅ ጎልቶ ይቀዳል። የስፌት መኪና ሲሆን ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በቀጥታ አስቀምጡት፤ የእንጨቱን ንዝረት ጭምር ይወስዳል፣ ያ ወፍራም ድምፅ በአየር ከሚመጣው በጣም ይበልጣል።

በአፑ መለኪያ ላይ የድምፁ ከፍተኛ ነጥብ ከ12 እስከ 6 ዴሲቤል ከዜሮ በታች ይሁን። ዜሮን ከነካ ይቆረጣል፣ የተቆረጠ ድምፅ አይመለስም። ዝቅ ያለውን ግን በኋላ ከፍ ማድረግ ይቻላል።

እያንዳንዱን ድምፅ ቢያንስ ለ3 ደቂቃ ቅዱ። የምትፈልጉት 10 ሰከንድ ቢሆንም የትኛው 10 ሰከንድ እንደሆነ ቦታው ላይ ቆማችሁ አታውቁትም።

ጀጎል ውስጥ 82 መስጊዶች ስላሉ በሶላት ሰዓት የቀዳችሁት ሁሉ ውስጥ አዛን ይገባል። የሶላት ሰዓቱን አይታችሁ በመሃል ቅዱ። አዛንም ሆነ ቅዳሴ ቆርጦ፣ አዘግይቶ ወይም ገልብጦ ሉፕ ማድረግ የለባችሁም፤ ለሚያምኑበት ሰዎች ጸሎት ነው። ከገባባችሁ ያንን ክፍል ጥላችሁ ሌላውን ተጠቀሙ።

ደረጃ 3፦ ቁረጡ፣ አጽዱ

በጆሮ ማዳመጫ እያዳመጣችሁ ከእያንዳንዱ ቅጂ በጣም የወደዳችሁትን ከ5 እስከ 13 ሰከንድ ለዩ። ኦዳሲቲ ላይ ሃይ ፓስ ፊልተርን 100 ኸርዝ ላይ አድርጋችሁ ታችኛውን ጉርምርምታ አስወግዱ። ይህን የምታደርጉት የአራቱ ቅጂዎች ጉርምርምታ ሲደመር ስፒከሩን ስለሚያስጨንቀው ነው።

ፍጥነት መቀነስ ከፈለጋችሁ አሁን ቀንሱ፣ ከሚቀጥለው ደረጃ በኋላ አይሆንም። ቼንጅ ስፒድ የሚለው ኢፌክት ፍጥነቱን ወደ ግማሽ ሲያወርደው ርዝመቱ እጥፍ ይሆናል፣ ድምፁም አንድ ኦክታቭ (ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን ርቀት) ይወርዳል። የስፌት መኪና በግማሽ ፍጥነት ከበሮ ይመስላል፤ በሩብ ፍጥነት ደግሞ የእርምጃ ድምፅ። ሁለቱንም ሞክሩ።

በመጨረሻ የእያንዳንዱን ቁራጭ መነሻ ፌድ ኢን፣ መጨረሻውን ፌድ አውት አድርጉ። ለሚንኳኳ ድምፅ በጣም አጭር፣ ለተሳበው 2 ሰከንድ ያህል። ፌድ ከሌለ ድምፁ በተጀመረና ባበቃ ቁጥር «ቀጭ» ይላል፤ ያ ቀጭታ በየዙሩ ስለሚመለስ አድማጩ ሉፕ መሆኑን ወዲያው ያውቃል።

ደረጃ 4፦ ለሉፖቹ የማይከፋፈል ርዝመት ስጡ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ ሥራው የሚሳካው ወይም የሚከሽፈው እዚህ ነው።

ብዙ ሰው ለአመቺነት 20፣ 30፣ 40 እና 60 ሰከንድ ይመርጣል። አራቱም 120ን ስለሚያካፍሉ በየ2 ደቂቃው አራቱም እኩል ወደ መነሻቸው ይመለሳሉ። የሁለት ደቂቃ ሙዚቃ እየደጋገማችሁ ነው ማለት ነው፤ አድማጭ በሦስተኛው ዙር ይሰለቻል።

ይልቅ ከ1ና ከራሳቸው በቀር ምንም የማያካፍላቸውን ቁጥሮች ተጠቀሙ፦ 23፣ 31፣ 37 እና 41 ሰከንድ። አሁን ሒሳቡን ተመልከቱ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እንደገና አብረው የሚነሱት ከ713 ሰከንድ፣ ማለትም ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ በኋላ ነው። የ37ቱ ሲጨመር 26,381 ሰከንድ ይሆናል፤ 7 ሰዓት ከ19 ደቂቃ። የ41ዱ ሲጨመር 1,081,621 ሰከንድ፣ 12 ቀን ተኩል። አራት አጭር ፋይል ይዛችሁ 12 ቀን ተኩል የማይደገም ድምፅ አገኛችሁ። እኔ ይህን ሥራ የምወደው በዚህ ምክንያት ነው፤ ኮምፒውተሩ ሊሠራው የሚችለውን ቁጥሮቹ በነፃ ይሠሩታል።

በተግባር ደግሞ የስልክ ማጫወቻዎች ፋይሉን እንደገና ሲጀምሩ ትንሽ ክፍተት ይተዋሉ፤ ክፍተቱም ከስልክ ስልክ ይለያያል። ስለዚህ ትክክለኛው ዑደት ከሒሳቡም ይርቃል። ይህ ጉዳት የለውም፣ የሚጠቅም ነው። ፋይሉ በዝምታ ስለሚያበቃ ክፍተቱ አይሰማም።

የትኛው ድምፅ የትኛውን ርዝመት ይውሰድ? በጣም የሚታወቀውና ጆሮ የሚይዘው ድምፅ (ለምሳሌ ጅቡ) ረጅሙን፣ 41ዱን ይውሰድ፤ ቶሎ ቶሎ ከመጣ ያሰለቻል። የእህል መስፈር ዓይነት ሸካራው ደግሞ አጭሩን መውሰድ ይችላል፣ ስለማይታወስ።

ደረጃ 5፦ ዝምታ አስገቡ

የእያንዳንዱ ሉፕ ከሲሶው በላይ ድምፅ አይኑረው። ለ23ቱ 7 ሰከንድ፣ ለ31ዱ 10፣ ለ37ቱ 12፣ ለ41ዱ 13 ሰከንድ ድምፅ ይበቃል። የቀረው ባዶ ነው። ኦዳሲቲ ላይ ጀነሬት ከሚለው ማውጫ ሳይለንስን መርጣችሁ ሰከንዱን መጻፍ ነው።

ለምን ሲሶ? አራት ሉፕ እያንዳንዳቸው ሲሶ ድምፅ ካላቸው፣ አራቱም በአንድ ቅጽበት የሚጮኹት ከ81 ጊዜ አንዴ ያህል ነው። አራቱም ዝም የሚሉት ደግሞ ከ81 ጊዜ 16ቱን፣ ከጠቅላላው ጊዜ አንድ አምስተኛ ገደማ። ሙላቱ ብርቅ ይሆናል፣ ሲመጣም ይሰማል። ግማሽ በግማሽ ካደረጋችሁት ሙሉ ዝምታው ከ16 ጊዜ አንዴ ብቻ ይሆናል፤ ለእናንተ መጫወቻ ቦታ አይቀርም። በቀጥታ ስትጫወቱ የምትገቡት በእነዚያ ባዶ ቦታዎች ነውና ከወዲሁ ጠብቋቸው።

ድምፁን ሁሉ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ አትከምሩት። ለምሳሌ በ37ቱ ሉፕ ውስጥ 4ኛው ሰከንድ ላይ የ5 ሰከንድ ቁራጭ፣ 22ኛው ላይ የ7 ሰከንድ ቁራጭ አስቀምጡ። መራራቁ እኩል ካልሆነ ጆሮ ምት አይቆጥርም።

ሲያልቅ የፋይሉን ጠቅላላ ርዝመት ፈትሹ፤ ርዝመቱ ከተሳሳተ ከደረጃ 4 የተገኘው ሊበላሽ ይችላል። ዌቭ አድርጋችሁ አውጡ፣ ከፍተኛ ነጥቡንም 6 ዴሲቤል ከዜሮ በታች አድርጉ። አራት እኩል የሆኑ የተለያዩ ድምፆች አንድ ላይ ሲገጥሙ ጠቅላላው በአማካይ 6 ዴሲቤል ያህል ይጨምራልና ቦታ ያስፈልገዋል።

ደረጃ 6፦ ቅኝት ስጡት

ቁመት ያለው ድምፅ፣ ማለትም ቅጥነቱ ወይም ውፍረቱ በኖታ ሊለይ የሚችል (በር፣ በርሜል፣ ሞተር)፣ በቲዩነር አፕ ስትፈትሹት ለየትኛው ኖታ እንደሚቀርብ ያሳያችኋል። ክራር ወይም ድምፃዊ አብሮ የሚጫወት ከሆነ ሉፖቹን ወደ አንድ ቅኝት አምጧቸው።

ለመጀመር የምመክረው ትዝታ ሜጀርን ነው፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። በውስጡ ግማሽ ድምፅ የሚባለው መቀራረብ ስለሌለ የትኛውም ኖታ ከየትኛውም ጋር ቢደራረብ አይጋጭም፤ ሉፖቻችን መቼ እንደሚገናኙ ስለማናውቅ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ባቲ (ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ) ሚና ፋ ላይ፣ እንዲሁም ሲና ዶ ላይ ይቀራረባል፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ከተሳቡ ይወዛወዛሉ። አንቺሆዬ (ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ) ከሁሉም ይከብዳል። ውጥረቱን ሆን ብላችሁ ከፈለጋችሁት ድንቅ ነው፣ ግን ቁመት ያላቸው ሉፖች ከሁለት አይብለጡ።

ቁመት ለመቀየር ቼንጅ ፒች የሚለውን ተጠቀሙ፤ ርዝመቱን አይነካም። ከ3 ወይም ከ4 ግማሽ ድምፅ በላይ ከገፋችሁት ድምፁ ይሰባበራል። በጣም ሩቅ ከሆነ ሌላ ቅጂ መፈለግ ይሻላል።

ደረጃ 7፦ ስልኮቹን አዘጋጁ

በእያንዳንዱ ስልክ ላይ አንድ ፋይል ብቻ ጫኑ፣ ቪኤልሲ ወይም አንዱን ፋይል መደጋገም የሚችል ማጫወቻ ላይ ክፈቱት፣ ድግግሞሹን አብሩ። ከዚያ፦

• ኤሮፕሌን ሞድ አብሩ።
• አላርም ሁሉ አጥፉ። ኤሮፕሌን ሞድ አላርምን አያቆምም፤ በዝምታው መሃል የሚጮኸው እሱ ነው።
• የሶላትም ሆነ ሌላ ማስታወሻ የሚያሰማ አፕ ካለ አጥፉ።
• ባትሪ ቆጣቢውን አጥፉ። አለበለዚያ ስክሪኑ ከጠፋ ትንሽ ቆይቶ ማጫወቻውን ይዘጋዋል።
• የኢኳላይዘርና የባስ ማጠናከሪያ ኢፌክቶችን አጥፉ።
• ጀርባው ላይ በፕላስተር የሉፑን ርዝመትና ድምፅ ጻፉ፦ «41 ጅብ»። ጨለማ መድረክ ላይ የትኛው የትኛው እንደሆነ መገመት የለባችሁም።

ደረጃ 8፦ ድምፁን አውጡ

በሚክሰር ከሆነ፦ እያንዳንዱ ስልክ የራሱን ቻናል ይያዝ። የስልኩን ቮልዩም ከሙሉው ትንሽ ዝቅ አድርጉ፣ ፌደሩን (የቻናሉን ድምፅ የሚወስነውን ተንሸራታች) ዜሮ ምልክቱ ላይ አቁሙ፣ ከዚያ ጌኑን (የሚገባውን ድምፅ የሚያጎላውን ቁልፍ) ከታች ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። የስልኩን ድምፅ ዝቅ አድርጎ ጌኑን መክፈት ሹክሹክታን ይጨምራል፤ ቅደም ተከተሉን የጻፍኩት ለዚህ ነው። ዋናውን ፌደር የምታስተካክሉት አራቱም አብረው ሲጮኹ ነው።

አንድ ኬብል ተጠንቀቁ። በሁለቱም ጫፍ ስቴሪዮ ጃክ ያለውን ኬብል ከስልክ ወደ ሚክሰሩ ባላንስድ መግቢያ ከሰካችሁ መግቢያው ግራውን ከቀኙ ይቀንሳል። የእኛ ፋይል ሞኖ ስለሆነ ግራና ቀኙ አንድ ነው፤ ስለዚህ ድምፁ ይጠፋል ወይም በጣም ይቀጥናል። ስልኩም ኬብሉም ደህና ሆነው ምንም ካልተሰማ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። ወደ ሁለት ሞኖ ጃክ የሚከፈለውን ኬብል ተጠቅማችሁ አንዱን ጃክ ብቻ ስኩ።

ያለ ሚክሰር ከሆነ፦ ስልኮቹን ክፍሉ ውስጥ በትኗቸው፤ የሚያዋህዳቸው አየሩ ነው። በሐረሪ ቤት ግድር ጋር (ዋናው ክፍል) ውስጥ ያሉት ነደባዎች (የመቀመጫ መደቦች) ከፍታቸው የተለያየ ስለሆነ ለዚህ የተሠሩ ያህል ይመቻሉ። አንዱን ዝቅተኛው ላይ፣ አንዱን ከፍተኛው ላይ፣ አንዱን ግድግዳው ውስጥ ባለው መደርደሪያ፣ አንዱን በሩ አጠገብ አድርጉ። የተቀመጠው ሰው ሁሉ ከየቦታው የተለየ ሚዛን ይሰማል፣ ማንም ተሳሳተ አይባልም። ብሉቱዝን ግን ተዉት፤ መሃል ላይ ይቋረጣል፣ ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው ስፒከርም ይቀላቀላል።

የስልክ ስፒከር ከ300 ኸርዝ በታች ያለውን በደንብ አያሰማም። የፔጆው ሞተር ከስልክ ሲወጣ የሚጠፋው ለዚህ ነው። ለዚህ መንገድ መሃከለኛና ቀጭን ድምፆችን ምረጡ፤ ስልኩን ባዶ የሸክላ ዕቃ ወይም የብረት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ብታስቀምጡትም ድምፁ ይጠነክራል፣ የዕቃውንም ጠባይ ይይዛል።

ደረጃ 9፦ አንድ ሰዓት ሙሉ አዳምጡ

ሰው ፊት ከማቅረባችሁ በፊት አራቱንም አስነሱና ሌላ ሥራ እየሠራችሁ አንድ ሰዓት አዳምጡ። ወረቀቱ ለዚህ ነው። ጆሮአችሁን የነካ ግጥምጥሞሽ ሲመጣ ጻፉ፤ «ይሄ ድምፅ ደግሞ መጣ» ያስባላችሁንም ጻፉ። የሚያታክት ሉፕ የሚታወቀው ከ30 ደቂቃ በኋላ እንጂ በመጀመሪያው አምስት ደቂቃ አይደለም። ያንን አንዱን ብቻ ቀይሩ፣ ሦስቱን አትንኩ።

ደረጃ 10፦ በቀጥታ ተጫወቱ

በአንድ ሉፕ ጀምሩ፤ ሌሎቹን አንድ በአንድ አስገቡ። አራቱም አብረው እንዲነሱ አትድከሙ፣ መራራቃቸው ነው የሚፈለገው።

ዋናው ሕግ ይህ ነው፦ አንድ ነገር ከቀየራችሁ በኋላ የረጅሙ ሉፕ አንድ ዙር እስኪሞላ፣ ማለትም 41 ሰከንድ፣ እጃችሁን ሰብስቡ። የሉፖቹ ሁለት ሲሶ ዝምታ ስለሆነ ፌደር ስታነሡ ለውጡ ወዲያው ላይሰማ ይችላል። ያልሰራ መስሏችሁ ሌላ ከጨመራችሁ ሁሉም አንድ ላይ ይመጡባችኋል። 41 ሰከንድ መድረክ ላይ ረጅም ነው፤ ታገሡት። የጀማሪና የለመደ ልዩነት የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

በሉፖቹ ላይ የምትጫወቱት ክራር፣ ዋሽንት፣ ወይም ማይክ ፊት የሚነካኩ ስኒዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ዝምታው ሲመጣ ግቡ፣ ሉፕ ሲነሣ ቦታ ልቀቁለት። ሁለት ወይም ሦስት ሆናችሁ ከሆነ አንድ ሰው ብቻ ሚክሰሩን ይያዝ፤ የቀሩት በእጅ ምልክት ይነጋገሩ። ሦስት ምልክት ይበቃል፦ ግባ፣ ቀንስ፣ ልንጨርስ ነው።

ለመጨረስ እያንዳንዱን ሉፕ በራሱ ዝምታ ውስጥ ዝጉት። ድምፅ እያሰማ ካቋረጣችሁት የተበላሸ ይመስላል፤ ባዶው ላይ ስትዘጉት ማንም አያውቅም፣ ድባቡ ብቻ እየሳሳ ይሄዳል።

ማስጠንቀቂያዎች

ጅብ፦ ብቻችሁን አትሂዱ። በምሽት በፈላና በር ወይም በኤረር በር በኩል ጅብ የሚያበሉት ሰዎች ባሉበት፣ እነሱን አስፈቅዳችሁና ከፍላችሁ፣ እነሱ ባሏችሁ ቦታ ሆናችሁ ቅዱ። ስልኩን አስቀምጣችሁ ራቁ፤ ወደ ጅቡ አትጠጉ።

ጆሮ፦ በ85 ዴሲቤል 8 ሰዓት መቆየት ይቻላል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፣ 94 ላይ 1 ሰዓት ብቻ ይቀራል። ሞንታርቦ የምትጠቀሙ ከሆነ ፊቱ አትቁሙ፣ ከማብራታችሁም በፊት ዋናውን ፌደር ዜሮ አድርሱት። የጆሮ ማዳመጫም እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ ቮልዩሙን ዝቅ፣ ከዚያ አጫውቱ።

ኤሌክትሪክ፦ ሚክሰርና ሞንታርቦ ከአንድ ኤክስቴንሽን ይሳቡ። ከተለያየ ሶኬት ከሳባችሁ «እምምም» የሚል ጩኸት ሊመጣ ይችላል። እሱን ለማጥፋት ብላችሁ የመሬት መስመሩን አትቁረጡ፤ ሰው ይገድላል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሞንታርቦው በድንገት እንዳይጮህ መብራት እንደሄደ ማብሪያውን አጥፉት። ስልኮቹ በባትሪ ስለሚሄዱ ያለ ሚክሰር የተበተነው አሠራር መብራት ቢሄድም አይቆምም።

ሙቀት፦ በተለይ ድሬዳዋ ላይ ቀን ውጭ ከሆነ ስልኮቹን ጥላ ውስጥ አድርጉ፣ ሽፋናቸውን አውልቁ፣ ስክሪናቸውን አጥፉ። ስልክ ሲግል ራሱን ያጠፋል።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

ዝዝዝ የሚል ድምፅ አለ። ስልኩ ቻርጅ ላይ እያለ ከሚክሰሩ ጋር ተገናኝቷል። ቻርጀሩን ንቀሉ፤ ቀድማችሁ ሞልታችሁ ኑ።

ማይኩ ያፏጫል። ማይኩ ስፒከሩን እያየ ነው። ስፒከሩን ከፊታችሁ፣ ማይኩን ከኋላው አድርጉ፣ ጌኑን ቀንሱ።

ሁሉም ድምፅ ጭቃ ሆኗል። ከአራቱ ሁለቱ አንድ ዓይነት የቁመት ክልል ላይ ተቀምጠዋል። አንዱን በግማሽ ፍጥነት አውርዱት፣ ከዚያ ርዝመቱን እንደገና ወደ ቁጥሩ መልሱ።

ድግግሞሹ ይታወቃል። መጀመሪያ የፋይሎቹን ርዝመት ፈትሹ። ትክክል ከሆኑ አንዱ ሉፕ ውስጥ ጎልቶ የሚወጣ ነገር አለ፦ ሳል፣ የመኪና ጡሩምባ፣ የሰው ስም። እሱን ቆርጣችሁ አውጡት።

አንዱ ስልክ ከሌሎቹ ቀድሞ ዝም ይላል። ባትሪ ቆጣቢው ነው፤ ወይም ማጫወቻው «አንዱን ድገም» ላይ ሳይሆን «ሁሉንም አንዴ አጫውት» ላይ ነው። ስክሪኑን አጥፍታችሁ ለ20 ደቂቃ ፈትኑት፤ ከመድረኩ በፊት ባለው ቀን።